ትዝታ የባለቤትነት መብት ይሰጣልን?

ሰው ተወልዶ ያደገበትን ወይም ረጅም ዘመን የኖረበትን ከተማ ለቆ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ሊያየው መፈለጉ የተፈጥሮ ነገር ነው። ሲመለስ ግን ሁለት ከተሞች ይገናኙበታል፤ አንደኛው በልቡ ይዞት የሄደው፣ ሁለተኛው በዓይኑ ፊት የቆመው ነው። ሁለቱ የሚስማሙበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚያውቀው ዛፍ ተቆርጧል፤ የሚያውቃቸው ሽማግሌዎች ዐርፈዋል፤ በልጅነቱ የሮጠበት ሜዳ ታጥሯል። በዚህን ጊዜ በልቡ የሚነሣው ኀዘን ብቻ አይደለም፤ ከኀዘኑ ጋር እንደ ቅሬታ ያለ ነገር ይመጣል። «ለምን እንደ ነበረ አልቆየኝም?» ይላል። የግብረ ገብ ጥያቄ የሚነሣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ትዝታ መብት ይሰጣልን? የሄደ ሰው ትቶት ከሄደው ቦታ ምን ሊጠይቅ ይችላል? ለቦታውና በዚያ ለቀሩት ሰዎችስ ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄው ለእኛ ለምእመናን እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ለልደት፣ ለትንሣኤና ለመስቀል በዓል ከልዩ ልዩ ከተሞች፣ ከዓረብ አገሮች፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ልጆቻችን ወደየቁምስናቸው ይመለሳሉ። ደስታው ብዙ ነው፤ ሆኖም በዓሉ ሳያልፍ ቅሬታ ሲገባ እናያለን። የራሳችንን ጉዳይ በቅርብ ስንመለከት ስሜታችን ማስተዋላችንን ሊቀድመው ስለሚችል፣ አስቀድመን ከእኛ ራቅ ያለ ምሳሌ ብንመረምር ይጠቅመናል። ምሳሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ወደ እንግሊዝ አገር ይወስዱናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሠላሳ ሁለት ዓመት የቆየ መንገድ

ጆን ሄንሪ ኒውማን በ1801 በለንደን ተወለዱ። በ1817 ገና የ16 ዓመት ወጣት ሳሉ ወደ ኦክስፎርድ ሄደው በትሪኒቲ ኮሌጅ ትምህርታቸውን ጀመሩ። በ1822 በኦሪየል ኮሌጅ አባልነት ተመረጡ፤ ከ1828 ጀምሮም የዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን የሆነችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ኃላፊ ካህን ሆነው ስብከታቸው በመላው እንግሊዝ የታወቀ ሆነ። ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በሊትልሞር መንደር ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የመሠረቱን ድንጋይ በ1835 ያኖሩት እናታቸው ነበሩ፤ እኚሁም እናት ሕንጻው ተፈጽሞ ሳያዩ በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። በተማሪነታቸው ዘመን ከክፍላቸው ፊት ለፊት በነበረው ግድግዳ ላይ የሚበቅለውን አበባ እያዩ፣ እርሳቸውም እንደዚያው እስከ ሞት ድረስ በዩኒቨርሲቲው ተተክለው እንደሚኖሩ ያስቡ እንደ ነበር በኋላ ራሳቸው ጽፈዋል።

እንዳሰቡት ግን አልሆነም። የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በጥልቅ ሲያጠኑ ኅሊናቸው ወደ ሌላ መንገድ መራቸው። በ1841 ያሳተሙት ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲው አለቆች ተወገዘ፤ በ1843 ከኃላፊነታቸው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ጥቅምት 9 ቀን 1845 በሊትልሞር አባ ዶሚኒክ ባርቤሪ በተባሉ ጣሊያናዊ ካህን እጅ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዋጋውም ከባድ ነበር። የኮሌጅ አባልነታቸውን ተዉ፤ ብዙ ወዳጆች ተለዩዋቸው፤ ከገዛ እኅቶቻቸው አንዷ ግንኙነቷን አቋረጠች። በየካቲት 1846 ኦክስፎርድን ለቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለ32 ዓመታት ወደ ከተማዋ አልገቡም። በ1864 ባሳተሙት የሕይወታቸው መግለጫ ላይ፣ ከዚያ ወዲህ ያዩት ከባቡር መስኮት የሚታየውን የአብያተ ክርስቲያናቱን ሾጣጣ ጕልላት ብቻ መሆኑን ይናገራሉ።

በ1868 ግን ወደ ሊትልሞር ሄዱ። እናታቸው መሠረቱን ባኖሩለት ቤተ ክርስቲያን አጥር በር ላይ ተደግፈው አንድ ሽማግሌ ካህን ሲያለቅሱ የታዩት በዚያን ጊዜ ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ሰውዬው የሄዱት እውነትን ፈልገው ከሆነ ስለ ምን ያለቅሳሉ? ልቅሷቸው መጸጸታቸውን አያመለክትምን?» የሚል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ሃይማኖቱን፣ ሥራውን ወይም ትዳሩን ስለ ኅሊናው ብሎ የለወጠ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ ይሰማዋል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋል። ውሳኔ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው በምክንያቱ ነው፤ ኀዘን ደግሞ የሚመዘነው በፍቅሩ መጠን ነው። ሰው ትክክለኛውን ነገር አድርጎ ስለ ተወው መልካም ነገር ሊያለቅስ ይችላል። እንዲያውም ሳያዝን የተወው ነገር መሥዋዕት ሊባል አይችልም። ስለዚህ የሊትልሞሩ ልቅሶ ውሳኔውን አያፈርሰውም፤ ውሳኔው ምን ያህል እንዳስከፈላቸው ይመሰክራል እንጂ።

ቅዱስ አውግስጢኖስም በኑዛዜው መጽሐፍ አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ እጅግ የሚወደው ወዳጁ በሞተ ጊዜ የተወለደባት ከተማ ታጋስቴ ሥቃይ እንደ ሆነችበትና ወደ ካርታጎ እንደ ሸሸ ይተርካል። እያንዳንዱ ስፍራ ወዳጁን ያስታውሰው ነበርና። ከዚህ የምንማረው ቦታን የምንወደው ስለ ድንጋዩና ስለ አፈሩ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ከወደድናቸው ሰዎች ጋር ስለ ተሣሠረ መሆኑን ነው። ሰዎቹ ሲያልፉ ቦታው ባዶ ዕቃ ይመስለናል። የሚመለስ ሰው ቅሬታም ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የሞት ኀዘኑን በከተማው ላይ ያወርደዋል።

፪. የሚያስታውስ ሰው ምስክር ነው፤ ዳኛ አይደለም

በ1865 ኒውማን የቀድሞ የኦክስፎርድ ወዳጃቸውን ጆን ኪብልን ለመጠየቅ በደቡብ እንግሊዝ ወደምትገኘው ወደ ሀርስሊ መንደር ሄዱ። ለ20 ዓመት ያህል ሳይተያዩ ቆይተው ነበር። ኪብል በቤታቸው ደጃፍ ቆመው ሳለ እንግዳው ደረሱ፤ ሆኖም ኒውማን ኪብልን አላወቋቸውም፤ ኪብልም ኒውማንን አላወቋቸውም። እነዚህ ሁለት ሰዎች በዘመናቸው የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ያነቃነቀ ሥራ አብረው የሠሩ ነበሩ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ልብ ማለት ይገባል። እያንዳንዳቸው ለ20 ዓመት በልባቸው ያኖሩት የሌላውን የጕልማሳነት መልክ ነበር። በደጃፉ የቆመው ግን ሽማግሌ ነው። ከሁለቱ አንዱ «አንተ የማውቅህ ወዳጄ አይደለህም፤ የማውቀውን መልስልኝ» ቢል ኖሮ ምን ያህል ሞኝነትና ግፍ በሆነ ነበር! ለሰው እንዲህ ማለት ግፍ መሆኑን ሁላችንም እንረዳለን። ለከተማ፣ ለመንደር፣ ለቁምስና ግን በየቀኑ እንለዋለን።

ምክንያቱን እንመርምር። ትዝታ እውነተኛ እውቀት ነው፤ ነገር ግን ያለፈን ነገር የሚመለከት እውቀት ነው። ቦታው ዛሬ ምን መሆን እንዳለበት ሊወስን አይችልም። ያንን የመወሰን ድርሻ ያላቸው በዚያ የሚኖሩት፣ ውኃውን የሚቀዱት፣ ግብሩን የሚከፍሉት፣ ሙታኑን የሚቀብሩት ናቸው። የሄደው ሰው ምርጫውን መርጦ ወይም ተገድዶ ሄዷል፤ እርሱ በሄደበት አገር ሲለወጥ፣ ልብሱም አነጋገሩም አኗኗሩም ሲለወጥ፣ የቀሩት ሰዎች ለእርሱ ትዝታ ሲሉ ሳይለወጡ እንዲጠብቁት መፈለጉ ፍትሕ አይደለም። ለራሱ የፈቀደውን ለእነርሱ ይከለክላቸዋልና። የቀድሞው የጭቃ ቤት ለእርሱ መልካም ትዝታ ነው፤ በውስጡ ለሚኖሩት ግን በክረምት የሚያፈስ ጣራ ነው።

«ታዲያ የተመለሰ ሰው የሚያየውን ሁሉ ዝም ብሎ ማለፍ አለበትን? የመቃብር ቦታ ተደፍሮ፣ የአያቶች ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ፣ ደን ተጨፍጭፎ ቢያገኝስ?» የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። ዝም ማለት የለበትም። የሚያስታውስ ሰው ምስክር ነው፤ የሚመሰክረውም ሌሎች ሊያውቁት የማይችሉትን ነው። ከዚህ ቦታ ምንጭ እንደ ነበረ፣ ይህ መሬት የማን መቃብር እንደ ሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ሽማግሌዎች ምን ብለው እንደ ተስማሙ ሊናገር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ምስክር የሚናገረው ተጠይቆ ወይም ፈቃድ አግኝቶ፣ ያየውን ብቻ ነው፤ ከዚያም ፍርዱን ለሚመለከታቸው ይተዋል። ዳኛ ለመሆን የፈለገ ምስክር ምስክርነቱ ራሱ ይበላሽበታል፤ የሚሰሙትም ቃሉን ሳይሆን ትዕቢቱን ይሰማሉ።

፫. ከቂም የተለየ ምስጋና

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ቅርብ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ወደ ስደት ሄዱ። በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ በምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በባዝ ከተማ ተቀመጡ። በዚያም ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ድረስ ኖሩ። የስደት ኑሮ የችግር ኑሮ ነበር፤ ንጉሡ የብር ዕቃዎቻቸውን እስከ መሸጥ ደርሰዋል። የሕይወታቸውን ታሪክ መጻፍ የጀመሩት በዚያ ነው። ታላቁ ደራሲና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1938 በዚያው ቤት ዐርፈው በባዝ ተቀበሩ፤ ዐፅማቸው ወደ አገራቸው የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።

በዚያው በ1938 የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ገዥነት በሕግ አወቀ። እንግዲህ አስቡት፤ አስጠግቶ የሚያኖራቸው አገር ዙፋናቸውን ለወራሪው አጸደቀለት። ይህን የመሰለ በደል ያገኘው ሰው ወደዚያ አገር ሲመለስ ቂም ይዞ ቢመለስ ማን ይፈርድበታል?

ንጉሡ ግን በ1954 እንግሊዝን በይፋ በጎበኙ ጊዜ ወደ ባዝ ተመልሰው ሄዱ፤ ከተማዋም የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። በ1958 ደግሞ የፌርፊልድን ቤት የአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማዋ በስጦታ አበረከቱ። ስለ ንጉሡ አገዛዝ የታሪክ ሰዎች ብዙ የሚከራከሩበት ነገር አለ፤ እዚህ የምንመለከተው ግን ይህን አንድ ሥራ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ጥበብ ያለበት መለየት አለ። የመንግሥት ውሳኔ ሌላ ነው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ በጉርብትና የተቀመጡ ሰዎች ሌላ ናቸው። የለንደን ፖለቲካ ያደረሰው በደል በባዝ ያገኙትን መጠለያ አይሰርዘውም፤ መጠለያውም በደሉን ትክክል አያደርገውም። ሁለቱ በሁለት መዝገብ ይጻፋሉ። ቂም የሚያድገው ሁለቱን መዝገቦች ስንደባልቅ ነው፤ አንድ ሹም በደለኝ ብለን አገሩን ሁሉ፣ አንድ ዘመድ ከዳኝ ብለን መንደሩን ሁሉ እንጠላለን።

የኒውማንም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጽሑፋቸውን ያወገዘው የዩኒቨርሲቲው አመራር ነበር፤ ያስተማራቸውና ያሳደጋቸው ደግሞ ያው ዩኒቨርሲቲ ነበር። የፊተኛው የኋለኛውን እንዲውጠው አልፈቀዱም።

«ንጉሥ የሚሰጠው ቤት አለው፤ እኔ ምን አለኝ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን በገንዘብ ብዛት የሚለካ አይደለም። ገንዘብ ያለው ተመላሽ የተለየ ፈተና እንዳለበት እንዲያውም መናገር ይገባል፤ በስጦታው ቦታውን ሊገዛ ይችላልና። የቤተ ክርስቲያን ጣራ አሠርቶ በቁምስናው ምክር ቤት ላይ ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ዕዳውን አልከፈለም፤ ሌሎችን ባለዕዳ አደረገ እንጂ። እውነተኛ ምስጋና ሰጥቶ ይሄዳል፤ ቁልፉንም ለተቀባዩ ይተዋል። ድኻው ሰው ደግሞ ሊሰጠው የሚችለው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር አለው፤ እርሱም መጠየቅ ነው። ኒውማን በ1878 ወደ ኦክስፎርድ በተመለሱ ጊዜ እርሳቸው ራሳቸው የ77 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ ሆኖም በዕድሜ እጅግ ያረጁትን የተማሪነታቸውን ዘመን መምህር ቶማስ ሾርትን አገኟቸው። ፊደል ያስቆጠሩንን መምህር፣ ለመጀመሪያ ቁርባን ያዘጋጁንን ካቴኪስት፣ ስንታመም ያስታመሙንን ጎረቤት በሕይወት ሳሉ ሄዶ ማየት ዋጋው አውሮፕላን መሳፈር ለቻለም በእግሩ ለመጣም እኩል ነው።

፬. በር የሚከፍቱት የቀሩት ናቸው

እስከ አሁን የተናገርነው ስለሚመለሰው ሰው ነው። የቀሩትም ግዴታ አለባቸው። ኒውማን ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦክስፎርድ የገቡት በራሳቸው ተነሣሽነት ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ሕጉ ተለውጦ ነበር፤ በ1871 የወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉትን ሰዎች ከማዕረግና ከኃላፊነት ያገድ የነበረውን የሃይማኖት ፈተና አነሣ። ከዚያም በ1877 መጨረሻ ትሪኒቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው የክብር አባሉ አድርጎ መረጣቸው። ኮሌጁ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ኒውማንም የራሳቸውን አልደበቁም። ነገር ግን «አንተ የእኛ ነህ» የሚለው ቃል ከውስጥ ካሉት ተነገረ። ይህ ቃል ከውጭ ሊነገር አይችልም። የሄደው ሰው በሩን ማንኳኳት ይችላል እንጂ ከውስጥ ሊከፍተው አይችልም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ዓይነት አቀባበል እናገኛለን። ጌታችን ወዳደገባት ወደ ናዝሬት በተመለሰ ጊዜ፣ ሰዎቹ አውቀነዋል ብለው ስላሰቡ ሊሰሙት አልፈለጉም፤ ከከተማይቱም አስወጡት። እነርሱም በትዝታ የተያዙ ነበሩ፤ የሚያስታውሱት የጠራቢውን ልጅ ነበርና በፊታቸው የቆመውን ማየት አልቻሉም። የቀሩትም ሰዎች እንግዲህ እንደ ተመለሰው ሰው በትዝታ ሊታሠሩ ይችላሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞዓብ ቀብራ ባዶ እጇን ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ከተማይቱ ሁሉ ስለ እርሷ ታወከች፤ መራራነቷንም ስትናገር ሰሙ፤ በመጨረሻም የልጅ ልጅ በታቀፈች ጊዜ ሴቶቹ አብረዋት ተደሰቱ። ምን ይዘሽ መጣሽ ብለው አልጠየቋትም።

በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ስንቱን ከደጃፉ መልሶታል! በ2013 እና በ2014 ከ1 መቶ 60 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ያፈሩትን ሳይዙ የመጡ ነበሩ። ወላጅ መሬቱን ሸጦ ወይም ተበድሮ የላካት ልጅ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ እንኳን ደኅና መጣሽ ከሚለው ቃል በፊት ዓይኖች ወደ ሻንጣዋ ከሄዱ፣ ያች ልጅ አገሯ ገብታም አልተመለሰችም። ዕዳው እውነተኛ መሆኑን፣ የቤተሰቡም ጭንቀት ቀልድ አለመሆኑን አንክድም። ነገር ግን ዕዳው በልጅቷ ስም ተበደሩት እንጂ ልጅቷ ራሷ ዕዳ አይደለችም። ቁምስናዎቻችንና ካቴኪስቶቻችን ከሁሉ አስቀድመው ሊያስተምሩት የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ በደጃፍ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ያዘው ነገር እንዳይሆን።

እንግዲህ ከላይ ለተነሡት ጥያቄዎች መልሳችን የሚከተለው ነው። ትዝታ የባለቤትነት መብት አይሰጥም፤ የመመስከር ድርሻና የማመስገን ግዴታ ግን ይሰጣል። የተመለሰ ሰው ቦታው እንዳልተለወጠ ሆኖ እንዲጠብቀው ሊጠይቅ አይገባውም፤ በሰላም ገብቶ እንዲያለቅስና እንዲያመሰግን ሊፈቀድለት ግን ይገባል። የቀሩትም ኑሯቸውን እንደ ፈቀዱ ሊለውጡ ይችላሉ፤ የሄደውን ከስም መዝገባቸው ሊፍቁት ግን አይችሉም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ጊዜ ነው። ኒውማን ኪብልን በሀርስሊ ያዩአቸው በመስከረም 1865 ነበር፤ ኪብል በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር ዐረፉ። ጉብኝቱ በግማሽ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የሚጎበኘው መቃብር ብቻ በሆነ ነበር። ኒውማን በ1879 ካርዲናል ሆኑ፤ በ1890 ዐረፉ፤ በ2019 ቅዱስ ተብለው ታወጁ፤ በ2025 ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጋር ተቆጠሩ። ክብሩ ሁሉ ቀስ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ያረጁ ወዳጆች ግን አይቆዩልንም። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው በሩቅ ያለን ሁሉ፣ መንገዱ ገና ክፍት ሳለ እንሂድ፤ መሄድ ያልቻልንም ዛሬውኑ ደብዳቤ እንጻፍ። በቤት ያለንም በሩን ሳንቆልፍ እንጠብቅ።